ለአንዲት ራዲያተር ሙሉ ዳሽቦርድ?

ይህን መኪና የነደፈ ሰው መቼም ደብረ ብርሃን በኅዳር አድሮ አያውቅም። የሂተር ራዲያተር መጠኗ ከደብተር አይበልጥም፤ የሞተሩ ሙቅ ውሃ ያልፍባታል፣ ፋኑ ሙቀቷን ወደ ውስጥ ይነፋል፣ በቃ። እሷን ለመቀየር ግን መሪው ይውረድ፣ ሬዲዮው ይውጣ፣ ዳሽቦርዱ እንዳለ ይነሳ! ኤርባጉ እንዳይፈነዳ ባትሪ ነቅሎ መጠበቁም አለ። ብሎኑ አንዱ በካቻቢቴ፣ ሌላው በቁልፍ ይፈታል፤ አንዱ ደግሞ እጅ በማይገባበት ጥግ ተደብቋል። ፕላስቲኩማ በብርድ ደርቆ ገና ሲነካ ቀጭ ይላል። እጄ ደንዝዞ፣ ግቢው በሽቦና በሶኬት ተሞልቶ፣ አሁንም አልወጣችም።

«ውሃው በራዲያተሯ እንዳያልፍ ቱቦውን እርስ በርስ አገናኝተህ ተወው፣ ጋቢ ልበስ» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ጋቢው መስታወት ይጠርጋል? ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉሙ ከውጭ እንፋሎቱ ከውስጥ መስታወቱን ሲሸፍነው ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና በምን ይታየኛል? ልጆች ጭኜ እኮ ነው የምሄደው!

ከእግር በኩል በአራት ብሎን የሚከፈት አንዲት ክዳን መሥራት ይህን ያህል ከባድ ነበር?