ዘንዶው በረት ውስጥ ምን ያደርጋል?

አሜሪካዊ ወላጅ ልጁን ሲወድ መጀመሪያ የሚያደርገው መጽሐፍ መግዛት ነው። የእኛ ሰው ያጎርሳል፤ እሱ ያነባል። እዚህ ሜሪላንድ አጥር የሚያዋስኑን ባልና ሚስት ከቻይና የወሰዷትን ልጅ ሲያሳድጉ ያላነበቡት ነገር የለም። ልጅቷ ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች። እነሱ ግን አሁንም እያነበቡ ነው። ያነበቡትን ደግሞ በየዓመቱ የገና ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል።

ብቻቸውን አይደሉም። ቻይና በ1992 እ.ኤ.አ. የጉዲፈቻ በሯን በሕግ ከከፈተች ወዲህ ከ160 ሺህ በላይ ልጆች ወደ ውጭ ሄደዋል። ግማሽ ያህሉ የገቡት አሜሪካ ነው። በተለይ መጀመሪያ አካባቢ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። መንግሥት «አንድ ልጅ ይበቃል» ሲል፣ ዘመድ ደግሞ «ወንድ ይሁን» ሲል፣ መሀል ላይ የምትቀረው ሴቷ ነበረች። በ2024 ቻይና በሩን ከሞላ ጎደል ዘጋችው። እኛ በ2018 እ.ኤ.አ. ቀድመናታል። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይነካል። ጥለት የለበሰች መልአክ የተሰቀለችበት የፈረንጅ ዛፍ እኔም አይቻለሁ።

እስቲ የጎረቤቶቼን ዛፍ ላስጎብኛችሁ። አናቱ ላይ ኮከብ የለም፤ ቀይ ፋኖስ አለ። ከሥሩ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ፓንዳ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። ቀጥሎ ሪባን የታሰረባቸው የመብያ ቾፕስቲኮች። ዋናው ጉድ ያለው ግን ታች ነው። ማርያምና ዮሴፍ፣ በግርግሙ ውስጥ ሕፃኑ፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለቱ የቻይና የዘመን እንስሳት። በሬውና በጉ መቼም ይገባቸዋል፣ ቤታቸው ነው። አይጧም ትሁን፣ በረት ያለ አይጥ አይሆንም። ዘንዶው ግን አፉን ከፍቶ ሕፃኑ ላይ አፍጥጧል።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ይህን ስታይ አማተበች። «የዮሐንስ ራእይን አላነበቡም እንዴ? አንሱት በላቸው!» አለች። ባልየው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። «በጣም ያምራል አለች» ብዬ ተረጎምኩ። በማግስቱ ሳይ ዘንዶው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እጇ እንዳለበት አልጠራጠርም።

ሚስትየዋ አንድ ዓመት ለልጅቷ ገንዘብ በፖስታ ልትሰጥ ፈለገች። ቻይናዎች በቀይ ፖስታ እንደሚሰጡ ታውቃለች። ቀይ ግን ከሳሎኗ ጋር አልሄደላትም። ነጭ በወርቅማ ጠርዝ መረጠች። በግብዣው ላይ የነበረችው የልጅቷ የቻይንኛ አስተማሪ ፖስታውን ስታይ ደነገጠች። በነጭ ፖስታ ገንዘብ የሚሰጠው ለቅሶ ላይ ነው። ከእራት በኋላ ደግሞ ውስጡ ዕጣ የተጻፈበት ወረቀት ያለበት ብስኩት መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተስፋፋ፣ ቻይና ቢሄዱ የማያገኙት ብስኩት። አስተማሪዋ ሰብራ አነበበችው። «ሩቅ አገር ትሄጃለሽ» ይላል። ወንበሯን ስባ ቀረበችና ዝም ብላ በላች።

የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ነው። የዓለም የገና ጌጥ አብዛኛው የሚሠራው ቻይና ነው። ዪዉ የምትባል ከተማ አለች፣ ገበያዋ ዓመቱን ሙሉ ገና ነው። ጺማሙ ሽማግሌ፣ የፕላስቲኩ ጥድ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ፓንዳው ከመሰቀሉ በፊትም ዛፉ ቻይናዊ ነበር።

ልጅቷ በወላጆቿ አትስቅም። ፓንዳ በተሰጣት ቁጥር ታመሰግናለች። አንድ ሳጥን ሙሉ ፓንዳ አላት። ዘንድሮ ግን ከኮሌጅ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ከሰሜን ቻይና የመጡ ጓደኞቿ ሌሊቱ በሚረዝምበት ቀን፣ ገና ሊገባ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው፣ ተሰብስበው ጂያኦዚ የሚባለውን፣ መሙያ ተጠቅልሎበት የሚቀቀል ሊጥ ይሠራሉ። እሷም ተማረች። «ዘንድሮ ጌጥ አንገዛም፣ ዱቄት እናቦካለን» አለች። ወላጆቿ ወዲያው ስለ ጂያኦዚ መጽሐፍ አዘዙ።

የፈረንጆቹ ዋዜማ ዕለት እኛም ተጠራን። የጂያኦዚው ውስጥ የአሳማ ሥጋና ጎመን ነው። እናቴ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ናት። ባትጾምም አሳማ አትነካም። ልጅቷ ቅር ሳይላት በእንጉዳይና በጎመን ሌላ መሙያ አዘጋጀች። እናቴ አንዱን አንስታ ገላበጠችውና «ሳምቡሳ አይደል እንዴ፣ መጥበስ ትተው የቀቀሉት» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ባልየው መጽሐፉን ገልጦ እጥፋት ሲቆጥር እሷ ሳታይ ትቆነጥጣለች። ልጅቷና እናቴ የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ሲሳሳቁ ያመሻሉ። በርበሬ የተነከረበት ዘይት ቀርቦ እናቴ ስትቀምስ ደግሞ ፊቷ በራ። «ለካ ሰው ናቸው!» አለች። ይህንንም «በጣም ያምራል» ብዬ ተረጎምኩት።

በሰው ሳቅን እንጂ እኛስ? እዚህ አሜሪካ ልጆቻችንን በዓመት አንድ ቀን የሀበሻ ልብስ አልብሰን፣ ፎቶ አንስተን፣ ለአክስት ልከን፣ ማታ ፒዛ እናዛለን። ቄጤማችን ፕላስቲክ ነው፤ ከበዓል በኋላ ታጥቦ ይታጠፋል። ፈረንጁ ቢያንስ ያነባል። እኛ «ሀበሻ ነህ» ብለን ልጁን እዚያው እንተወዋለን። ስለ ላሊበላ ሲጠይቀን «ጎግል አድርገው» እንላለን።

ውለታ ለመመለስ ለእኛ ገና ጠራናቸው። ለእነሱ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ዛፋቸው ወጥቶ መንገድ ዳር ተጥሏል። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ። ሚስትየዋ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ስለ ባህላችን ጥንታዊነት ስታደንቅ ቆየች። ስኒው ባንዲራ አለበት፣ ሰሐኑም ባንዲራ አለበት። ልጅቷ ጠጥታ ጨረሰች። ስኒውን ገልብጣ ሥሩን አነበበችና በሳቅ ፈነዳች።

«እኛ ነን የሠራነው!» አለች።

ይህን በትክክል ተረጎምኩ። እናቴ ትኩስ ስኒዋን ከጣት ወደ ጣት እያዘዋወረች ልጅቷን አየቻት።

«እንግዲያው በያቸው በላት፣ ለሚቀጥለው ትንሽ ወፈር ያድርጉት። ጣቴን ፈጀኝ።»