ለኮምፒውተር ቀፎ ገንዘብ አታባክኑ

ኮምፒውተር ራሱ መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቀፎው ላይ ነው። መስታወት ያለው፣ መብራቱ ቀለም የሚቀያይር። ከዚያ ገንዘቡ ያልቅና ለክፍሎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ይገዛል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ቀፎ እኮ አያሰላም፣ ፋይል አያስቀምጥም። ሥራው ዕቃውን መሸከም፣ አየር ማሳለፍና ከእጅና ከአቧራ መከለል ነው። ይህን የተጣለ የእንጨት መሳቢያም ይሠራዋል።

የኔ ኮምፒውተር ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከተሰበረ ጠረጴዛ የተረፈ መሳቢያ ነው፤ በጎኑ አቁሜው ፓወር ሰፕላዩን ከታች አስቀመጥኩት፣ ክብደቱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። መጀመሪያ ግን ለኩ። ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ መጠኑ ይለያያል፤ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው 17 በ17 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ትልቁ ኤቲኤክስ ደግሞ 30.5 በ24.4።

የማዘርቦርዱ ጀርባ ሹል ሹል በሆኑ የብየዳ ነጥቦች የተሞላ ስለሆነ ከእንጨቱ ከፍ ማለት አለበት። ለዚህ ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። ቱቦውን አንድ አንድ ሴንቲሜትር እየቆረጣችሁ ከየቀዳዳው ሥር ታስቀምጣላችሁ፣ ቀጭን ብሎን በመሃሉ አሳልፋችሁ ከኋላ በዳዶ ታስራላችሁ። ሳታጠብቁ፣ ቦርዱ እንዳይጎብጥ።

ማብሪያውስ? ባትሪ የሌለው፣ በሽቦ የሚሠራ የበር ደወል ቁልፍ። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የፓወር ማብሪያው ሁለት ፒኖች (ቀጫጭን የብረት እሾሆች) ለአፍታ መገናኘት ብቻ ነው የሚፈልጉት። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይሆንም፣ እንደተጫነ ስለሚቀር ከ4 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ኮምፒውተሩ መልሶ ይጠፋል።

የተሳሳትኩት አየሩ ላይ ነው። ከላይ 12 ሴንቲሜትር ፋን ገጠምኩና ከፊት በሰሌዳ ዘጋሁት። ፋኑ ይጮሃል፣ ኮምፒውተሩ ግን ጨዋታ በከፈትኩ ቁጥር ይንቀራፈፋል፤ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ለካ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም። ከታች የፋኑን ያህል ቀዳዳ ከፈትኩ፣ አቧራ እንዳይገባ አሮጌ ስስ የናይለን ካልሲ ወጠርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

«እንጨት? እሳት ሊነሳብህ ነው» ይሉኛል። ስጋቱን አልንቀውም። ግን አደገኛው የግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚገባው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ የብረት ሣጥን አለው። ሣጥኑን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። የሚተነፍስበትን ቀዳዳም አትድፈኑ። ካርቶን ግን ለሙከራ ካልሆነ አልመክርም፣ እየላላ ሄዶ ዕቃውን ይጥላል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የአፕል የመጀመሪያው ኮምፒውተር አፕል 1 እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲወጣ ቀፎ አልነበረውም፣ ቦርዱን የገዙ ሰዎች ከእንጨት ሠሩለት። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪንም ስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ፣ በኋላ ጉግል የሆነው ሥራቸው የሚጠቀምባቸውን 10 ሃርድ ዲስኮች ያስቀመጡት በልጆች መጫወቻ ሌጎ በተሠራ ሣጥን ነበር።

አንድ ጉድለቱን ልንገራችሁ። ብረት የሬዲዮ ሞገድ ያግዳል፣ እንጨት አያግድም። አጠገቡ ሬዲዮ ከከፈታችሁ ሊንሻሻ ይችላል፣ ስለዚህ ራቅ አድርጉት። ከቀፎው የተረፈችኝን ገንዘብ እኔ ሙሉ በሙሉ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው ያዋልኳት።