ጀማሪው ከየት ይጀምር? ከገበያው መሀል ወይስ ከራሱ ደጅ?

በጎንደር ከተማ በኢንተርኔት ዕቃና አገልግሎት ለመሸጥ የሚነሡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ ለሁለት ሰዎች አቅርበን በጽሑፍ እንዲከራከሩበት ጋበዝናቸው። ጥያቄው «ጥቂት ገንዘብና አንድ ስልክ ያለው ጀማሪ መጀመሪያ የራሱን ድረ ገጽ ያቋቁም ወይስ በማኅበራዊ ሚዲያ መሸጥ ይጀምር?» የሚል ነው። አንደኛዋ በአራዳ ገበያ አካባቢ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ፣ አብዛኞቹን ደንበኞቻቸውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ያገኙ ባለ ሱቅ ናቸው። ሁለተኛው ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ለሰሜን ተራሮች አስጎብኚዎች ድረ ገጽ ሲያዘጋጁ የቆዩ መምህር ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ በሥራቸው ጠርተናቸዋል።

ባለ ሱቋ

ጀማሪ የሚጀምረው ሰው ካለበት ቦታ ነው እላለሁ። ቅዳሜ ገበያ ለመሸጥ የወጣች ሴት ዕቃዋን ይዛ ሕዝቡ ወደሚተላለፍበት ትጠጋለች እንጂ፣ መጀመሪያ ከከተማው ዳር ቤት ሠርታ፣ በር ገጥማ፣ ገዢ መንገዱን ጠይቆ እስኪመጣላት አትቀመጥም። የእኛ ከተማ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚገባው ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ውስጥ ነው፤ የአንድን ነጋዴ ድረ ገጽ አድራሻ በጣቱ ጽፎ የሚገባ ደንበኛ እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት ሳንቲም አይጠየቅም፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀብድ ለመቀበል ባንክ መሰለፍ ቀርቷል።

ጀማሪዎችን የሚጥላቸው የድረ ገጽ አለመኖር ሳይሆን ትንንሽ የሚመስል ጥፋት ነው። ከሁሉም የሚከፋው «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ነው። ቀሚሱን ለጥፎ ዋጋውን የሚደብቅ ሰው፣ ደንበኛው መጀመሪያ እንዲለምነው የሚፈልግ ይመስላል፤ እኔ ዋጋ መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ የሚጽፍልኝ ሰው ቁጥር ቢቀንስም የሚጽፈው ግን ሊገዛ የቆረጠ ሆኗል። ሁለተኛው ፎቶ ነው። በማታ አምፖል የተነሣ ጥበብ ቀለሙ ይቀየራል፤ ወርቃማው ብርቱካናማ ሆኖ ይታይና ዕቃው ሲደርስ ጠብ ይነሣል። ልብሱን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በጥላ ሥር አንሥቶ የጥለቱን ቅርብ ፎቶ መጨመር ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ጀማሪው የሚማረው ሰው መሀል ገብቶ ሲሸጥ ነው።

መምህሩ

አባቶቻችን በችሎት ሲሟገቱ «ተጠየቅ» ይሉ እንደነበረ እኔም እህቴን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያ የሚሸጡበት መደብ የማን ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ከመላው ዓለም ጠፍተው ነበር፤ ምክንያቱ የኩባንያው የራሱ የኔትወርክ ስሕተት ሲሆን፣ በእነዚያ ሰዓታት ንግዳቸው በሙሉ እዚያ ላይ የነበረ ሰዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ስድስት ሰዓት ቀላል ነው ከተባለ ደግሞ ጉግል ፕላስ የተባለውን የማኅበራዊ ሚዲያ መረብ እናስታውስ፤ ጉግልን ያህል ኩባንያ የቆመበት ሆኖ ሳለ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ለዘለዓለም ተዘግቷል። እዚያ ለዓመታት የሰበሰቡትን ተከታይ ይዞ መውጣት የቻለ የለም።

መረቡ ባይዘጋም እንኳ ተከታይ ማለት ደንበኛ ማለት አይደለም። በፌስቡክ ገጽዎ ላይ የለጠፉትን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ጽሑፉ ለጥቂቶቹ ብቻ ሊደርስ ይችላል፣ የቀሩትን ለማግኘት ክፈል ይባላል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ፍለጋን በተመለከተ ደግሞ የእህቴ ዕቃ ራሱ ምስክር ነው። ዋሽንግተን ያለች አንዲት የጎንደር ልጅ ለሠርግ ቀሚስ ስትፈልግ ጉግል ላይ ትጽፋለች፤ ግን እንዴት ብላ ትጽፋለች? «ሐበሻ»፣ «ሀበሻ»፣ «አበሻ»? ከተማችንንስ «ጎንደር» ወይስ «ጐንደር» ትላለች? በላቲን ፊደልም ቢሆን የከተማው ስም በሁለትና በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ፊደሎቻችን ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ስለሚለያይ፣ የመፈለጊያው ማሽን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። በራስ ድረ ገጽ ላይ ግን እነዚህን አጻጻፎች በርእስ፣ በመግለጫና በፎቶ ስም ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጥንቃቄ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በቲክቶክ ላይ የተለጠፈ ቪዲዮ ግን በሳምንቱ ተቀብሮ ይቀራል።

ባለ ሱቋ

መምህር ሁሉንም መረብ በአንድ ከረጢት ከተቱት። በቴሌግራም ቻናል የለጠፍኩት ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል፤ የሚያጣራው ማሽን በመካከል የለም። ስለ ተከታይ የተናገሩትን ግን በራሴ ደርሶብኛልና አልክደውም። በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሰው «በሳምንት ሦስት ሺህ ተከታይ አመጣልሻለሁ» ብሎኝ ከፈልኩት፤ ቁጥሩ መጣ፣ ከዚያ ሁሉ ግን ነጠላ እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም። ስሞቹን ሳያቸው የየትም አገር የማይመስሉ ነበሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ስለ ማስታወቂያ ክፍያም መምህር ያላነሡትን እኔ ላንሣ፤ ጀማሪው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚያ ስለሆነ ነው። የፌስቡክ ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚከፈል አብዛኞቻችን በብር ተቀብለው የሚከፍሉልን ሰዎች እንፈልጋለን። ከእነዚህ መካከል የይለፍ ቃል ስጡኝ የሚል አይጠፋም፤ ለማንም አይሰጥም። ገጹ ራሱ ማስታወቂያ ብቻ የሚያስተዳድር ሰው መመደቢያ አለው፤ ሥራው ሲያልቅ ይሰረዛል። ቀጥሎ የማስታወቂያው ዓላማ ሲመረጥ «ላይክ» ከተባለ ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው ይመጣል፤ መልእክት የሚልክ ሰው ከተፈለገ መልእክት የሚለው መመረጥ አለበት። ከዚያ ስሌት ነው። ለምሳሌ ሦስት ሺህ ብር ተከፍሎ ስድሳ ሰው ጽፎ ስድስቱ ቢገዙና ከአንዱ ቀሚስ አራት መቶ ብር ቢተርፍ፣ ትርፉ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው፤ ስድስት መቶ ብር ከኪስ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ስድሳውን መልእክት አይቶ «ማስታወቂያው ሠራ» ይላል። ከስድስቱ ሁለቱ ተመልሰው ለጥምቀት ሁለተኛ ልብስ ከገዙ ኪሳራው ይሞላል፤ ሂሳቡን የሚያውቀው ግን ማን እንደገዛ የጻፈ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድረ ገጹ ልመለስ። መምህር ያንን ድረ ገጽ ካቆሙ በኋላ የመጀመሪያው እንግዳ በስንት ወሩ መጣ? ጀማሪ የቤት ኪራይ እየከፈለ ያን ያህል ወር ምን እየበላ ይቆያል?

መምህሩ

እውነቱን እመልሳለሁ። ከሰባት ወር በላይ ማንም አልጻፈልንም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ ድረ ገጹን በጉራ ሞልቼው ነበርና። «ምርጥ አገልግሎት»፣ «ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ጻፍኩ እንጂ እንግዳው የሚጠይቀውን አልመለስኩም። በኋላ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል በተባለው መሣሪያ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው ወደ እኛ እንደሚደርሱ ተመለከትኩ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ምን ያህል ይፈጃል፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ላይ ከፍታው ያማል ወይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ መውጣት ያስችላል ወይ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለ ጠባቂ መሄድ ይፈቀዳል ወይ የሚሉ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገጽ ያህል እውነተኛ መልስ ጻፍኩ። ጸሐፊነቴ ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል፤ የቀድሞው ማስታወቂያ ነበር። ደብዳቤዎቹም ቀስ በቀስ መምጣት ጀመሩ።

እነዚያ ገጾች እስካሁን ይነበባሉ። በቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች በኩል የሚመጣ እንግዳ ግን በያንዳንዱ ጊዜ ኮሚሽን ያስከፍላል፤ ለሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 ያህል ነው። በራስ ደጅ የገባ እንግዳ ይህን አያስከፍልም። ድረ ገጽ ለማቆም አቅም የሌለውም ቢሆን በጉግል ካርታ ላይ የሱቁን ቦታ፣ ሰዓትና ስልክ በነጻ ማስመዝገብ ይችላል፤ ይህን ያላደረገ ነጋዴ ግን በየሰፈራችን ሞልቷል።

ባለ ሱቋ

መምህር፣ በድፍረት አይውሰዱብኝና እነዚያ እንግዶች ዛሬ የት አሉ? ገጹ እየተነበበ ሰው ካልመጣ፣ ንባቡ ለአስጎብኚው እራት አይሆንም። በአገር ላይ በሆነው ነገር ድረ ገጽዎን አልወቅስም፤ ነገር ግን ጀማሪ ገበያውን ሁሉ ከባሕር ማዶ ላለ ሰው ሲያዘጋጅ፣ ያ ሰው ሲቀር ምን እንደሚደርስበት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመደቡ ባለቤት ማን ነው ያሉትንም ልመልስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ የእኔም ቻናል ዝም አለ፣ የእርስዎም ድረ ገጽ ለዚህ ከተማ ሰው ዝም አለ። ያዳነኝ ደብተር ነው። ከገዛኝ ሰው ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ የቀሚስ ልክ፣ የሚወደውን የጥለት ቀለምና የገዛበትን በዓል እጽፍ ነበር። ስልክ በሚሠራበት ቀን እየደወልኩ፣ በአጭር መልእክት እየጻፍኩ ሸጥኩ። «የእሜቴ ልክ እንደ አምናው ነው ወይስ ይሰፋ?» ብዬ የጠየቅኋት ሴት ከእኔ ሌላ ወዴት ትሄዳለች? እንግዲህ የራስ ደጅ ከተባለ የእኔ ደጅ ያ ደብተር ነው፤ ለጀማሪም መጀመሪያ ግዛ የምለው እሱን ነው።

መምህሩ

በዚህ ተረትቻለሁ፤ ቢያንስ በግማሽ። ስለ ባለቤትነት ስናገር በልቤ የነበረው ድረ ገጹ ነበር፤ ዋናው ንብረት ግን የደንበኛው ዝርዝር እንደሆነ እህቴ ከእኔ ቀድመው ደርሰውበታል። በሌላው ዓለም ያሉ ነጋዴዎች የኢሜይል ዝርዝር የሚሰበስቡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ ኢሜይሉን የሚከፍት ጥቂት ስለሆነ ስልኩ ቦታውን ይዟል። በከተማው ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ድረ ገጹ ሁለተኛ እንዲሆን እስማማለሁ፤ ለውጭ እንግዳ አገልግሎት ለሚሰጥ ግን አሁንም መጀመሪያ ነው፤ ጀርመን ያለ ተጓዥ በደብተርዎ ውስጥ ሊኖር አይችልምና።

ስለ ደብተሩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስልክ ለቀሚስ ተሰጥቶ ሳለ ለሌላ ነጋዴ ማቀበል ወይም ሰውየው ሳይፈቅድ በማስታወቂያ ማጨናነቅ ነውር ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሲመዘግቡ «አዲስ ዕቃ ሲመጣ ልጻፍልዎ?» ብሎ መጠየቅና «ይበቃኛል» ላለ መሰረዝ ያስፈልጋል። ደግሞም ደብተር ይጠፋል፣ ውኃ ይገባበታል። ሁለት ቦታ ይጻፍ።

ባለ ሱቋ

ሁለተኛው ቅጂ እህቴ ዘንድ አዘዞ ነው፤ በየወሩ አስገለብጣለሁ። ፈቃድ መጠየቁን ግን እስካሁን አላደረግሁም፤ ከነገ ጀምሮ አደርጋለሁ።

ስለ ዋሽንግተኗ ልጅ ያሉት ነገር ከነገሩ ሁሉ በላይ አሳስቦኛል፤ እኔ በሦስቱ «ሀ» ምክንያት ስንት ሰው እንዳለፈኝ አላውቅም። የአንድ ገጽ ድረ ገጽ ቢሠሩልኝ እከፍላለሁ፤ ዋጋው በያንዳንዱ ቀሚስ ሥር እስከተጻፈበት ድረስ። አሁን ግን ታኅሣሥ ነው፤ ለጥምቀት ያዘዙኝ ሰዎች ልብስ ገና ከሸማኔ አልወጣም። ከጥር 12 በኋላ ይምጡ፤ ደብተሩን ይዤ እንቀመጣለን።