በሙዚየም የበቀለውን ጨው ከሰማይ መጣ አንበል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1938 በዛሬዋ ታንዛኒያ ደቡብ ምዕራብ፣ ኢቩና በተባለ ስፍራ፣ ከሰማይ ድንጋይ ወረደ። የተሰበሰበው ሁሉ ተደምሮ 705 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሆኖም ተመራማሪዎች የፕላኔቶችን ኬሚካዊ ይዘት ሲያሰሉ መነሻ የሚያደርጉት የሜትዮራይት ቡድን ስሙን ያገኘው ከዚህ አፍሪካዊ ቦታ ነው። «ሲአይ» በሚለው መጠሪያ ውስጥ «ሲ» ካርቦን አዘል መሆኑን፣ «አይ» ደግሞ ኢቩናን ያመለክታል።

ቡድኑ እጅግ ብርቅ ነው። ሲወድቁ ታይተው የተሰበሰቡ አባላቱ አምስት ብቻ ናቸው፦ በፈረንሳይ አሌ በ1806 እና ኦርጌይ በ1864፣ በህንድ ቶንክ በ1911፣ ከዚያ ኢቩና፣ በመጨረሻም በካናዳ ሬቭልስቶክ በ1965። ከሬቭልስቶክ የተገኘው አንድ ግራም ገደማ ነው። ብዙ ቁራሽ የተረፈው ከኦርጌይ ስለሆነ፣ ስለ ቡድኑ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በአንድ ፈረንሳዊ መንደር አካባቢ በወረደ ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ በራሱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነው።

የምደባው ታሪክ አስደናቂ ነው። ካርቦን አዘል ሜትዮራይቶች በሁለት መንገድ ይመደባሉ፤ በኬሚካዊ ይዘታቸውና ከተፈጠሩ በኋላ ውኃ ወይም ሙቀት ምን ያህል እንደለወጣቸው። በሁለተኛው ሚዛን የኢቩና ቡድን ደረጃ 1 ላይ ይቀመጣል፤ ማለትም ውኃ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ቀይሮታል። ኢቩና ለሚገኝበት ሰፊ የድንጋያማ ሜትዮራይቶች ክፍል ኮንድራይት የሚለውን ስም ያስገኙት ኮንድሩል የተባሉት ጥቃቅን ክብ ጠብታዎች እንኳን በውስጡ የሉም ማለት ይቻላል። ኬሚካዊ ይዘቱ ግን ከሁሉም ይበልጥ ለፀሐይ ይዘት የቀረበ ነው። እንደ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ያሉ በቀላሉ የሚተኑትን፣ ፀሐይ ራሷ ያቃጠለችውን ሊቲየምንም ትተን፣ የቀሩት ንጥረ ነገሮች በሁለቱ ውስጥ ያላቸው ምጥጥን እጅግ ይቀራረባል። ውኃው ማዕድናቱን አፍርሶ እንደገና ሲሠራቸው ንጥረ ነገሮቹን ከድንጋዩ ውስጥ አላወጣቸውም። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ግብዓት እዚያው አለ፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው።

ቅርጹ ምን ይመስላል? አብዛኛው አካሉ ሰርፐንቲንና ሳፖናይት የተባሉ፣ እርስ በርሳቸው የተሸመኑ ሸክላማ ማዕድናት ነው። በመካከላቸው ማግኔታይት የተባለ መግነጢሳዊ የብረት ማዕድን አለ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንዳንዱ የተከማቹ ጥቃቅን እንክብሎች፣ አንዳንዱ የተደራረቡ ስስ ዝርግ ቅርፊቶች ይመስላል። ፒሮታይት የተባለው የብረት ሰልፋይድ፣ ዶሎማይትና ሌሎች ካርቦኔቶች፣ ከክብደቱ 3 ከመቶ የሚሆን ካርቦንም ይገኙበታል። ድንጋዩ ልል ነው፤ ውኃ ሲነካው ይፈራርሳል።

የማዕድናቱ ዝርዝር ግን በዚህ አያበቃም። ብዙ መማሪያ ጽሑፎች ፌሪሃይድራይት የተባለውን ዝገት መሰል ማዕድን፣ ጀሶና ሌሎች ሰልፌት የተባሉ ጨዎችንም ይጨምራሉ። የእኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ የቡድኑ መለያ ሆነው መጻፋቸው መቆም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎቹ ማትዩ ጉኔልና ማይክል ዞሌንስኪ በኦርጌይ ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ የሰልፌት ሥሮች የተፈጠሩት በምድር ላይ፣ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ሳለ መሆኑን ተከራከሩ። የአየሩ እርጥበት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን አሟሟና እንደገና አጠራቀመው ማለት ነው። ከዚያ የጃፓን መንኮራኩር ሃያቡሳ 2 ፀሐይን ከሚዞሩ ትናንሽ ዓለታማ አካላት (አስትሮይዶች) አንዱ ከሆነው ከሪዩጉ 5.4 ግራም ናሙና ይዛ በዲሴምበር 2020 ተመለሰች። ናሙናው ከኢቩና ቡድን ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ፤ ሸክላማ ማዕድናቱ፣ ማግኔታይቱ፣ ሰልፋይዱና ካርቦኔቱ ሁሉ አሉ። ፌሪሃይድራይትና ሰልፌት ግን የሉም። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? አየር ያልነካው ዘመድ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ሙዚየም የገባው ላይ ያለው ጨው የምድር ነው።

ነገሩ በጨው መጨመር ብቻ ቢቀር ባልከፋ። አየር ይጨምራል፤ ያጠፋልም። በሴፕቴምበር 2023 ከቤኑ አስትሮይድ የመጣው 121.6 ግራም ናሙና ውስጥ ተመራማሪዎች ሶዲየም የበዛባቸው ጨዎችን አገኙ፤ በሪፍት ሸለቆአችን ያለው የአብያታ ሐይቅ ሲተን የሚተወው ዓይነት የሶዳ ጨው ጭምር። ጥንታዊ ጨዋማ ውኃ ደርቆ የተዋቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ጨዎች እርጥብ አየር ሲያገኙ ይበላሻሉ። ስለዚህ የሜትዮራይቶቻችን መደርደሪያ ያልነበረውን ጨው ሲያበቅል፣ የነበረውን ሳያጠፋ አልቀረም።

ሕይወታዊ ብክለትም አለ። ከ1864 ጀምሮ በመስታወት ዕቃ ታሽጎ የቆየ የኦርጌይ ቁራሽ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲመረመር፣ ውስጡ የአውሮፓ ደንገል ፍሬ ተገኘ፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ በሙጫ ያጣበቀው ነበር። በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ አንዲት የሪዩጉ ቅንጣት ለአየር ከተጋለጠች በኋላ የምድር ረቂቅ ተሕዋስያን በፍጥነት እንደሰፈሩባት አሳይቷል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገላት ቅንጣት እንዲህ ከሆነች፣ ለአሥርተ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ድንጋይ ምን ይሆናል?

የድሮዎቹ ድንጋዮች ዋጋቸውን አጥተዋል አልልም፤ አጠቃላይ ኬሚካዊ ይዘታቸው ዛሬም ጠቃሚ መለኪያ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ2008 የገዛው 202 ግራም የኢቩና ቁራሽም በናይትሮጅን ውስጥ ተጠብቆ የቆየ በመሆኑ ውድ ነው። የተሻለ አያያዝ እንደሚቻል ካናዳ አሳይታለች። በጃንዋሪ 2000 በታጊሽ ሐይቅ በረዶ ላይ የወደቀው ካርቦን አዘል ሜትዮራይት በቀናት ውስጥ በባዶ እጅ ሳይነካ ተለቅሞ፣ ሳይቀልጥ በቅዝቃዜ ተቀመጠ። ከታወቁት ቡድኖች በአንዱም ስላልገባ «ያልተመደበ» ተብሎ ተመዝግቧል። አያያዙ ንጹሕ ስለነበረ ልዩነቱ የራሱ የድንጋዩ እንደሆነ መተማመን ይቻላል።

በእኛም አገር ሜትዮራይት ወድቆ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 በነጆ፣ በ1981 በጉርሱም የወደቁት ተመዝግበዋል፤ ሁለቱም ተራ ከሚባሉት ኮንድራይቶች ናቸው። የሚቀጥለው ካርቦን አዘል ቢሆን ግን ጊዜ አይሰጠንም። ዝናብ ሳይቀድመን መድረስ አለብን። ያገኘው ሰው ሳያጥበው፣ በባዶ እጁ ሳይዘው፣ በንጹሕ የአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ቦታውን ይመዝግብ፤ በማግኔትም አይፈትነው፣ ማግኔት ድንጋዩ የያዘውን የጥንት መግነጢሳዊ አሻራ ያጠፋልና። አዲስ ሜትዮራይት በይፋ ስም እንዲያገኝ የተወሰነ ናሙና በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት። ያ ተቋም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲሆን ከፈለግን፣ እርጥበት የማያስገባና በናይትሮጅን የሚሞላ ካቢኔት ድንጋዩ ከመውደቁ በፊት ሊኖረን ይገባል።