ከ1,581 ሴቶች 49ኙ

አክስቴ 47 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ ጉበቷ ላይ መታየቱ የተነገረን ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ ነው። የተነገረን ስል ለእኛ ነው። ለእሷ አልተነገራትም። በዚያው ምሽት ዘመድ ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ እሷ ጓዳ ተኝታ እኛ ሳሎን በሹክሹክታ ተማከርን። ገሚሱ «ተሰራጭቷል ከተባለ አለቀ፤ ኬሞው ደግሞ ያሠቃያታል፤ ቤቷ ትረፍ» አለ። ገሚሱ «ምንም አትሆንም፣ ትድናለች፣ ብቻ እሷ እንዳትሰማ» አለ። ሁለቱም ልክ እንዳልሆኑ ይሰማኝ ነበር። ግን አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም። ያኔ መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልጻፈው።

«ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ለሁሉም ካንሰር አንድ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርዝ የተባሉ ሐኪሞች ከእንግዴ ልጅ በሚነሳ ካንሰር የተያዙ ወጣት ሴቶችን ያክሙ ነበር። በሽታው ሳንባ ድረስ ዘልቋል። ሜቶትሬክሴት የተባለ የኬሞ መድኃኒት ሰጧቸው። ቀዶ ሕክምና የለም፣ ጨረር የለም። ዕጢው ከሳንባ ላይ ጠፋ።

ሊ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ይህ ካንሰር የእርግዝና ሆርሞን ያመነጫል። ዛሬ ከፋርማሲ ገዝተን እርግዝና የምንመረምርበት ወረቀት የሚለየው ያንኑ ሆርሞን ነው። ኤክስሬዩ ጠርቶም ሆርሞኑ በጥቂቱ ይታይ ነበር። ሊ እሱም እስኪጠፋ ድረስ መድኃኒቱን ቀጠለ። አለቆቹ «ሰው ላይ ሙከራ እያደረግህ ነው» ብለው ከሥራ አሰናበቱት። ቆይቶ ሲታይ እስከ መጨረሻው የታከሙት ሴቶች ላይ በሽታው አልተመለሰም። ቀድመው ያቆሙት ላይ ተመለሰ። ሊ በ1972 የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው ሐኪሞች አንዱ ሆነ።

ይህን ታሪክ የምወደው ስለ ሽልማቱ አይደለም። ከክፍለ ሀገር መጥታ፣ ፔንሲዮን ይዛ ኬሞ የምትወስድ ሴት ሦስተኛው ዙር ላይ እብጠቱ ሲሟሟ ምን እንደምታስብ ስለማውቅ ነው። ገንዘቡ አልቋል፣ ልጆቹ ጎረቤት ቤት ናቸው፣ እጇ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። «ተሻለኝ» ብላ አገሯ ትገባለች። እንዴት አልተሻለሽም ትላታለህ? ግን ዓይን ያላየው ነገር ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዙሩን የማስጨረስ ጉዳይ የእሷ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡም፣ የሕክምናውም ኃላፊነት ነው።

በኬሞ ብቻ ከሥሩ የሚነቀል የተሰራጨ ካንሰር ሌላም አለ። በ1960ዎቹ በዚያው ተቋም እነ ቪንሰንት ዴቪታ አራት መድኃኒት አዋህደው ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የገፋ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን አዳኑ። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በካንሰር መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን በጥቂት ዙር መድኃኒት ሲያክም አንዳንዶቹ ላይ በሽታው ከነጭራሹ አልተመለሰም። ስለዚህ «ደረጃ አራት»፣ ማለትም ተሰራጭቷል፣ ሲባል ከማልቀስ በፊት የካንሰሩን ሙሉ ስም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዕጢው የተወሰደውን ናሙና ውጤት ማስነበብ ያስፈልጋል።

የአክስቴ ግን የጡት ነው። እዚህ ላይ ራሴንም ማታለል አልፈልግም።

በሂውስተን የሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል በ1996 አንድ ጥናት አውጥቷል። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ 1,581 ሴቶች ናቸው። የወሰዱት ኬሞ ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን፣ ያን ቀይ መድኃኒት የያዘ ነው። ከእነሱ 263ቱ ላይ በሽታው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ጠፋ። ሐኪሞች ሪሚሽን የሚሉት ይህንን ነው። ከ263ቱ ለአብዛኞቹ ያ እፎይታ አምስት ዓመት አልሞላም። 49ኙ ግን ከአምስት ዓመት በላይ ምንም ሳይታይባቸው ቆዩ። ከጠቅላላዎቹ 1,581 ሴቶች ከመቶ ሦስት መሆኑ ነው። በዕድሜ ወጣት የሆኑና በሽታው ብዙ ቦታ ያልነካቸው የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

ጥናቱ አሮጌ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መድኃኒቶች መጥተዋል። ግን ብዙዎቹ ለብዙ የአገራችን ሴቶች ከአቅም በላይ ናቸው። የጨረር ሕክምናም ቢሆን ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። እኛ አገር «ኬሞ ብቻ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ምርጫ ሳይሆን የተገኘው ሆኖ ነው።

49ኙ ሴቶች ተረት አይደሉም። «አለቀ» ለሚለው ዘመዴ መልሴ እነሱ ናቸው። የቀሩት 1,532 ሴቶችም ተረት አይደሉም። «በርቺ፣ ጠንካራ ከሆንሽ ትድኛለሽ» ለምንላቸው ሴቶች ስል እነሱንም መጥራት አለብኝ። ጸሎታቸው አንሶ፣ ሞራላቸው ወድቆ አይደለም። በሽታው ነው። ካንሰር የተመለሰባትን ሴት ተሸናፊ እንደሆነች እንዲሰማት የሚያደርግ ማበረታቻ ጭካኔ ነው። ባናስበውም ጭካኔ ነው።

ለአክስቴ የነገርናት ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ። «ጸጉሬ ሳይረግፍ ነው የገባኝ፤ እናንተን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ሁለት ወር ሙሉ እኛ ከእሷ፣ እሷ ከእኛ ስንደብቅ ነበር። ብቻዋን ትተናት ነበር ማለት ነው።

ስድስተኛውን ዙር ሰኔ ላይ ጨረሰች። ሲቲ ስካን ተነሳች። ጉበቷ ላይ የነበረው አይታይም። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሐኪሟ «አሁን አይታይም» አሏት እንጂ «ድነሻል» አላሏትም። አንዷ እህቷ በዚህ በጣም አዘነች፤ «ምን ነበረበት አንዲት ቃል ቢጨምሩላት» አለች። እኔ ግን ሐኪሟን አመሰግናቸዋለሁ። «ድነሻል» የተባለች ሴት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ለምን ትመጣለች?

አሁን ጠበሏንም ትሄዳለች፣ መድኃኒት ቤትም ትሄዳለች። ለገና ዶሮ እኔ ነኝ የምሠራው ብላለች። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ለሐኪሟ የምትጠይቀውን በልጇ ደብተር ላይ ጽፋ አሳየችኝ። የመጀመሪያው መስመር ግን ለሐኪሟ አይደለም፤ ለእኛ ነው። «ተመልሶ ከሆነ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ» ይላል።