ማስተካከያ፦ ስለ ጎጃም ቅርሶች የመረጃ ቋት ዕቅድ

ቀደም ሲል በተሰራጨው ረቂቅ ላይ «እያንዳንዱ ገዳም ከነቅርሶቹ በአንድ መዝገብ ይሰፍራል» የሚለው ታርሟል። ቦታውና ቅርሱ ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ የሚያገናኛቸው መለያ ቁጥር ነው። መርጡለ ማርያም ያለው የንግሥት እሌኒ ሕንፃ ፍርስራሽ፣ ጌጥ ከተቀረጸበት ድንጋዩ ጋር፣ ከስፍራው አይነቃነቅም። በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ዘውድ ወይም የብራና መጽሐፍ ግን ለጥገና ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቅርሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የድሮው መረጃ ሳይሰረዝ አዲሱ ከነቀኑ ይጨመራል፤ የጠፋ ቅርስ ሲፈለግ ዱካው የሚገኘው ከዚያ ነውና ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

«አዋጅ 209/2000» የተባለው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ሕግም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተብሎ ይነበብ፤ 2000 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀን ሲሞላ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መምረጥ ግዴታ ይሆናል። የታቦት ፎቶ አይጠየቅም።