ፊዚክስን ሳይነኩ የማለፍ ጥበብ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚጠበቅባቸው ሳምንታት በደሴ ሰፈሮች፣ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ፣ የሚታየውን ትጋት ተዘዋውሮ የተመለከተ ሰው ወጣቱ ለሳይንስ ግድ የለውም የሚለውን ሐሜት ዳግመኛ ሊያምን አይችልም። እናት በሶውን ታስፈጫለች፣ ዳቦ ቆሎውን ታዘጋጃለች፤ አባት ለሻንጣና ለብርድ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ያፈላልጋል፤ ልጅም በበኩሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በአንደኛው ዓመት ለሚወስደው ለጄኔራል ፊዚክስ ኮርስ ሌት ተቀን ይዘጋጃል። ዝግጅቱ ግን መጽሐፍ መግለጥን፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ጥያቄ መሥራትን ወይም የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ትምህርት መከለስን አይጨምርም። እነዚህ ያለፈው ትውልድ ድካሞች ናቸው። የዛሬው ዝግጅት ፍለጋ ነው፤ የሚፈለገውም ወርክሺት፣ ማለትም ያለፉ ፈተናዎች ጥያቄና መልስ የተባዛበት ወረቀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ እንደሚገባው ማመስገን ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው የመከሩን አባቶች ቴሌግራም አልነበራቸውምና አይፈረድባቸውም፤ ጥምጣሙ ተጠምጥሞ ያለቀለት በፒዲኤፍ እንደሚላክ ቢያውቁ ኖሮ ምክራቸውን ራሳቸው ባሻሻሉት ነበር። ዛሬ አንድ ብርቱ ተዘጋጂ የተመደበበትን ግቢ ገና ሳያውቅ የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚድና የፋይናል ፈተና በስልኩ አከማችቶ ይገኛል፤ ስልኩ ሞልቶበት የእህቱን የሠርግ ፎቶ አጥፍቶ ለፈተናዎቹ ቦታ ያስለቀቀም አይጠፋም። ይህን ሁሉ ካከማቸ በኋላ አንዱንስ ከፍቶ አይቶት እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ምቀኛ ነው። ያለው ሰው ያለውን ሁሉ ይቆጥራል እንጂ ያነባል እንዴ?

ኮርሱ በወጉ ከተያዘ ሰፊ ነው። ከአሃዶች (ከመለኪያዎች) እና ከቬክተር ይነሳል፤ በእንቅስቃሴና በኒውተን ሕጎች በኩል አልፎ ወደ ፈሳሾች፣ ወደ ሙቀት፣ ወደ ሞገድና ወደ ብርሃን ይሻገራል፤ በኤሌክትሪክና በማግኔት አድርጎ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ይደርሳል። ይህን ለመረዳት የተነሳ ሰው በመጀመሪያ አልጄብራውንና ትሪጎኖሜትሪውን ማጠንከር፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሥዕል መሣል፣ በአንድ ዕቃ ላይ የሚያርፉትን ፎርሶች (ገፊና ሳቢ ኃይሎች) አንድ በአንድ በቀስት ማመልከት፣ ከዚያም ተሳስቶ እንደገና መሥራት ሊኖርበት ነው። እኛ ዘንድ ግን ለእረፍት የመጣ ሲኒየር አለ። ሲኒየሩ ኮርሱን አምና በሲ ፕላስ የተገላገለ፣ በዚህም ምክንያት በሰፈሩ የፊዚክስ ጉዳይ ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ወጣት ነው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ በተዘጋጂዎች ተከቦ፣ ማኪያቶውን አማስሎ፣ «አብሽሩ፣ ሁለት ገጽ ናት» ይላቸዋል። ኒውተን ለፍቶ ለፍቶ በፈረንጆቹ 1687 ያሳተመው ነገር ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ሁለቱ ገጾች የፎርሙላ ዝርዝር ናቸው፤ ዝርዝሩም ይሸመደዳል። ወሎ በቃል ለመያዝ አዲስ አገር አይደለም፤ የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ዳዊቱን፣ የመድረሳው ልጅ ቁርአኑን በቃሉ ሲወጣ ኖሯል። ሆኖም እነዚያ ልጆች አንድ ከባድ ሸክም ነበረባቸው፤ በቃላቸው ከያዙ በኋላ የትርጓሜ መምህር ወይም ተፍሲር የሚያቀሩ ሸህ ፍለጋ አገር አቋርጠው፣ የያዙት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ዓመታት መማር ይጠበቅባቸው ነበር። የእኛ ተዘጋጂ ከዚህ ሁሉ እንግልት ነፃ ወጥቷል። «ኤፍ ኢኩዋልስ ኤም ኤ» ካለ በኋላ ኤም የተባለው መጠነ ቁስ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ፣ ኤ የተባለው አክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ) ወዴት እንደሚያመለክት፣ ኤፍ የተባለውም የአንዱ ፎርስ ሳይሆን በዕቃው ላይ ያረፉት ፎርሶች ሁሉ ድምር መሆኑን የሚያስረዳው አይፈልግም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ ሥራው አልቋል።

በዚህ ረገድ የሚያሰጋን ሐረጎ ብቻ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ሰውን ሳያስበው ፊዚክስ ሊያስተምረው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ተዘጋጂዎች ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጡ ወደ መስኮቱ አይዞሩም። ለምሳሌ ከፊት የሚወርደው ባለ ተሳቢ መኪና ከነጭነቱ 30 ቶን ቢመዝን፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ 600 ሜትር ከፍታ ሲለቅ 176 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ሾፌሩ ይህን አስልቶት አያውቅም፤ ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ሁሉንም ነገር በፍሬን ልያዝ ያለ ሾፌር ምን እንደሚደርስበት ከፍሬን ሸራው ሽታ ያውቀዋልና። ያ ኢነርጂ እንዳለ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ550 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ደሴ ላይ እስከሚፈላበት ድረስ ያሞቃል። ይህ ሁሉ በመስኮቱ ማዶ በነፃ እየታየ ሳለ ተዘጋጂያችን የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ የሸራውን ሽታ በሻርፑ ተከላክሎ፣ «ፖቴንሻል ኢነርጂ ኤም ጂ ኤች» እያለ ኮምቦልቻ ይገባል። እንዲህ ያለ የሐሳብ ጽናት በቀላሉ አይገኝም።

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ላንሳ፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ የሚያሳርፈው ግፊት ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ ያለች እህቷ ባቄላውን ቀድማ የምታወርድበት ምክንያት ያልገባት እናት ልጇን ብትጠይቀው፣ ልጁ «ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው» የሚለውን ከነነጥቡ ስለያዘ እናቱንም ባቄላውንም ያርማቸዋል።

«ጂ» ስለምትባለው ፊደልም ሊባል የሚገባው አለ። የመሬት ስበት በአንድ ዕቃ ላይ የሚያሳድረው አክስለሬሽን 9.8 ይሁን 10 የሚለው ክርክር በጦሳ ተራራ ሥር ባሉ ካፌዎች ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። የልኬት ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በፈረንጆቹ 1901 መነሻ እንዲሆን 9.80665 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ብሎ ወስኖ ነበር፤ ደሴን የመሰለ ለምድር ወገብ የቀረበና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጥሩ ወደ 9.78 ዝቅ ይላል። እኛ ግን ከጉባኤውም ከተራራውም የተሻለ መፍትሔ አግኝተናል፤ ስበቱን የሚወስኑት ምርጫዎቹ ናቸው። አምስት ኪሎግራም ስንት ይመዝናል ሲባል ከምርጫዎቹ መካከል 49 ካለ ጂ 9.8 ነች፤ 50 ካለ 10 ነች፤ ሁለቱም ካሉ ከጎን የተቀመጠው ልጅ የጻፈው ነች።

ከቁጥሩ ኋላ አሃድ መጻፍም ቀለም ማባከን እንደሆነ ተግባብተናል። ተቃዋሚዎች ናሳ ወደ ማርስ የላከውን ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለ መንኮራኩር ያነሳሉ፤ በፈረንጆቹ 1999 መንኮራኩሩ የጠፋው በምድር ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያሰላውን ሌላው በኒውተን ስለተቀበለው ነበር። ነገሩ በእርጋታ ሲታይ ግን የሚደግፈው እኛን ነው። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት አሃድ በመጠቀማቸው ነው፤ እንደ እኛ ጨርሶ ባይጠቀሙ ኖሮ በምን ይለያዩ ነበር?

ሳይንሱም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎችን አነጻጽረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው እንደተገኙ ጥናቱ ጨምሮ ይገልጻል፤ ይህኛው ክፍል እኛን አይመለከትም። ከፈተናው በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ፊዚክስን ማን ሊያስታውስ አስቦ ያውቃል? የእኛ ሰው የሚያጠናው ፈተናው ሊገባ ሲል በር ላይ ቆሞ ስለሆነ አምስቷ ደቂቃ በልኩ የተሰፋች ናት። የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙርም ለተማሪዎቻቸው ስሌት የሌለባቸውን ተራ የሚመስሉ የፎርስ ጥያቄዎች ሲሰጧቸው፣ አንድ ተማሪ ባስተማሩን መሠረት ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው ብሎ እንደጠየቃቸው ይናገራሉ። ማዙር በዚህ ደንግጠው የማስተማር ዘዴያቸውን ከሥሩ ቀየሩ። ደሴ መጥተው ሲኒየሩን አማክረው ቢሆን ይህ ሁሉ ድንጋጤ ባላስፈለገ ነበር፤ እንደማስበው የሚባል ሁለተኛ መልስ ያለው ተማሪ እኛ ዘንድ የለም።

ለዚህ ሁሉ የጀርባ አጥንት የሆነው ኮፒ ቤቱ ነው። በአንደኛው ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረው ልጅ ያስባዛውን ወርክሺት ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ወረቀቱ የኮፒ ኮፒ፣ የዚያም ኮፒ ነበር፤ የማን መምህር ፈተና እንደነበረ የሚገልጸው ራስጌ በአንድ የጥቁር ቀለም ነጠብጣብ ተውጧል። ጥያቄ ሰባት ላይ ፍሪክሽን (ሰበቃ) በሌለበት፣ 30 ዲግሪ በተጋደመ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት የ5 ኪሎግራም ዕቃ አክስለሬሽን ስንት ነው ይላል። ሥዕሉ ላይ ተዳፋቱ አለ፣ ቀስቶቹም አሉ፤ ዕቃው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲባዛ ደብዝዞ ደብዝዞ ጠፍቷል። ምርጫ ሲ፣ ማለትም 4.9፣ በተለያየ ዘመን በተለያየ እስክሪብቶ እየተከበበ እንደ ማኅተም ወፍሯል።

ልጁ አብሮት ለነበረው ሲኒየር፣ «ወንድም ጋሼ፣ ዕቃው የታለ?» አለው።

«አብሽር፣ ዕቃው አይጠየቅም። መልሱ ሲ ነው።»

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የፊዚክስ ትምህርት በዚያ ኮፒ ቤት አልተሰጠም፤ ተናጋሪው ግን አላወቀውም። ፍሪክሽን ከሌለ ዕቃው 5 ኪሎግራም ሆነ 500፣ ወደ ታች የሚስበው ፎርስ የሚጨምረውን ያህል ለመንቀሳቀስ ያለው እምቢተኝነትም ስለሚጨምር፣ መጠነ ቁሱ ከስሌቱ ተሰርዞ ይወጣል፤ የሚቀረው ጂ ሲባዛ በሳይን 30 ብቻ ነው፣ የ9.8 ግማሽ። ኮፒ ማሽኑ ዕቃውን ሲሰርዘው ከኒውተን ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቶ ነበር።

ለዚህ ጥበብ መስፋፋት መምህራን ያደረጉት አስተዋጽኦ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል። ያንኑ ፈተና በየዓመቱ ከነፊደል ስህተቱ ሳያጓድሉ የሚያቀርቡ መምህራን ባይኖሩ፣ ሲኒየሩ ሥልጣኑን፣ ኮፒ ቤቱ ገበያውን፣ ወላጅም የልጁን ውጤት ባጡ ነበር። አልፎ አልፎ ግን ጨካኝ ይገጥማል። እንዲህ ያለው መምህር ሌሊት ተነስቶ 5 ኪሎግራም የሚለውን 7 ኪሎግራም ያደርገዋል። የፈተናው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ጥያቄ ሰባት ላይ ሲደረስ የሚሰማው ማጉረምረም ከባድ ነው፤ ምርጫ ሲን ለዓመት ሲሸመድድ የኖረው ሁሉ ሰባቱን ኪሎ ሲያይ ይርበተበትና፣ ዕቃው ከከበደ መልሱም መክበድ አለበት ብሎ ወደ ዲ ይሸሻል። ከዚያ ቅሬታው ይጻፋል፤ ፊርማ ይሰበሰባል፤ ተወካዮች ዲፓርትመንት ድረስ ሄደው ያልተማሩት እንደመጣባቸው በአክብሮት ያስረዳሉ። መምህሩ መልሱ ያው ሲ እንደነበረ፣ መጠነ ቁሱ እንደሚሰረዝ በሰሌዳ ላይ ሠርቶ ሊያሳያቸው ቢሞክርም፣ ይህ ማብራሪያ ራሱ በወርክሺቱ ላይ እንዳልነበረ ይነገረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ዕቃው ወደ 5 ኪሎግራሙ ይመለሳል፤ ኮፒ ቤቱም አዲስ እትም ያወጣል፤ በዚህኛው እትም የጠፋው ተዳፋቱ ነው።